የሂሩት ባሕረ ሐሳብ

ባለፈው ሐምሌ የመሥሪያ ቤታችን ኤሲ ተበላሸ። ቢሯችን ላስ ቬጋስ፣ አርትስ ዲስትሪክት በሚባለው ሰፈር ውስጥ፣ ድሮ የመኪና ጋራዥ የነበረ ቤት ታድሶ የተሠራ ስለሆነ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፤ ከቀትር በኋላ ውስጡ መቀመጥ አይቻልም። ጠጋኙ እስኪመጣ ድረስ የሕንጻው ጠባቂ ከዕቃ ቤት አንድ አሮጌ የውሃ ማቀዝቀዣ እየገፋ አመጣልን፤ በውሃ በራሰ የእንጨት ፍቅፋቂ መሃል ነፋስ እያሳለፈ የሚያቀዘቅዝ፣ ዛሬ በየቤቱ የማይገኝ ማሽን። ወጣቶቹ ባልደረቦቼ "ምንድን ነው የሚሸተው?" እያሉ ወንበራቸውን ወደ ጥግ አሸሹ። እኔ ላፕቶፔን ይዤ ሄጄ ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩ። እርጥብ እንጨት፣ አቧራ፣ ትንሽም ዝገት፤ በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ ፓራዳይዝ በሚባለው ሰፈር ያደግንበት አፓርታማ ሽታ ነበር። የሆነ ነገር ይሰማኛል ብዬ ጠበቅኩ። ብዙም አልተሰማኝም። ትዝ ያለኝ ግን ብዙ ነው።

አፓርታማችን ለአውሮፕላን ማረፊያው በጣም ቅርብ ከመሆኑ የተነሳ አንድ አውሮፕላን ባለፈ ቁጥር መስኮቱም፣ የቁምሳጥኑ ብርጭቆም፣ የእማዬ የቅድስት ማርያም ሥዕልም አብረው ይንቀጠቀጡ ነበር። አባቴ እያወራ ከሆነ አንድ ጣቱን ወደ ላይ ቀስሮ ዝም ይልና፣ ድምፁ ሲርቅ ካቋረጠበት ቃል፣ አንዳንዴም ከቃሉ እኩሌታ ይቀጥላል። ጎረቤቶቻችን ሁሉ የሆቴል ሠራተኞች ስለነበሩ ቀን ቀን ሁልጊዜ ከግድግዳው ወዲያ የሚተኛ ሰው አለ፤ እኔና እህቴ ሂሩት ሳንጮህ መጫወት፣ ሳንጮህ መጣላት፣ ሳንጮህ ማልቀስ የተማርነው እዚያ ነው። ሂሩት በአራት ዓመት ትበልጠኛለች። እሷ የተወለደችው ደሴ ነው፤ እኔ ሱዳን፣ መንገድ ላይ። ወደዚህ አገር ስንመጣ ሁለታችንም ሕፃናት ነበርን፤ አማርኛችን ከወላጆቻችን፣ የቀረው ሁሉ ከትምህርት ቤትና ከቴሌቪዥን የመጣ ነበር።

አባቴ ደሴ የሒሳብ አስተማሪ ነበር። ላስ ቬጋስ ውስጥ መንገደኞችን ከአውሮፕላን ማረፊያው ወደ መኪና ማከራያው የሚያመላልስ አውቶቡስ ይነዳ ነበር። ከሺፍት ሲመለስ መጀመሪያ የሚያደርገው ስሙ የተለጠፈበትን የሥራ ሸሚዝ ማውለቅ ነው፤ ከዚያ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ፣ ከኪሱ እስክሪብቶ አውጥቶ፣ የምግቡ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥና እኔንና ሂሩትን ይጠራል። ለሱ ያ ጠረጴዛ ክፍል ነበር። ሐብሐብ እንኳ ሲቆርጥልን ማዕዘኑን ሳንናገር አይሰጠንም። "ዶክተር ሁኑ፣ ኢንጂነር ሁኑ፣ ኮምፒውተርም ሥሩ፤ በሩ አንድ ነው፣ ሒሳብ ነው" ይላል። ይህን ሲል በአገሩ የቀረውን ጥቁር ሰሌዳ እያየ ይመስለኝ ነበር።

ጎበዟ ተማሪ እኔ ነበርኩ። ጎበዝ የሆንኩት ግን ምንም ስለማልጠይቅ ነው። አባቴ ይህን ወዲህ አምጪ፣ ምልክቱን ቀይሪ ካለኝ አመጣለሁ፣ እቀይራለሁ፤ መልሱ ይወጣል፤ እሱ ይደሰታል፤ ሄጄ ካርቱን አያለሁ። ሂሩት እንደዚያ አትችልም። ለምን እንደሆነ ካልገባት እጇ አይታዘዛትም።

"አባዬ፣ ይሄ ኤክስ ግን ምንድን ነው?" አለችው አንድ ቀን።

"ያልታወቀ ቁጥር ነው።"

"ካልታወቀ ለምን ስም አወጣንለት?"

አባቴ ይህን እንደ ቀልድ ወሰደው፤ እሷ ግን ከልቧ ነበር የጠየቀችው። መልስ እስክታገኝ እዚያው ቆመች፤ ክፍሉ ጥሏት ሄደ። በሚቀጥለው ዓመት አልጀብራን ወደቀች። በክረምት ደገመችና በመከራ አለፈች፤ ሁለተኛውን አልጀብራ ደግሞ ወደቀች።

ኮምፒውተሩ ወደ ቤታችን የገባው በዚያ ሰሞን ነው። እማዬ ክፍል የምታጸዳበት አሮጌ ሆቴል ሊፈርስ ተወስኖ ነበርና፣ ከመፍረሱ በፊት አልጋው፣ መብራቱ፣ የበሩ ቁጥር ሳይቀር ለፈለገ ሰው ይሸጥ ነበር። ከጀርባ ቢሮ ማንም ያልፈለገውን ኮምፒውተር ለእማዬ ሰጧት። አንሶላ በምትገፋበት ጋሪ ላይ ጭና፣ በፎጣ ሸፍና፣ አባቴ ፓርክ ያደረገበት ድረስ እየገፋች አመጣችው። ሆቴሉ በፈንጂ ሲፈርስ በቴሌቪዥን አየን። ሕንጻው መጀመሪያ ቆመ፣ ከዚያ ጉልበቱ ከዳው፣ ከዚያ መንገዱን ሁሉ አቧራ ዋጠው። ስንት ዓመት ያጸዳችውን ቤት ሲወድቅ ስታይ ታለቅሳለች ብለን እማዬን ዞረን ስናያት፣ "ይሄን ሁሉ አቧራ ማን ሊጠርገው ነው?" አለች።

ከዚያ በኋላ እማዬ ስትሪፕ በሚሉት የካዚኖዎች ጎዳና ላይ ባለ አዲስ ሆቴል ተቀጠረች። እዚያ አዲስ ሰው ስለሆነች የእረፍት ቀን ለማግኘት የመጨረሻዋ ተሰላፊ ናት፤ ፋሲካን ኦፍ ለመውጣት ሌሎቹ ሳይቀድሟት ከብዙ ወራት በፊት መጠየቅ አለባት። የቤተ ክርስቲያናችን ሴቶች አብዛኞቹ እንደሷ ነበሩ። ከአገር ቤት የሚላከው ካሌንደር ዘግይቶ ይመጣል፤ አንዳንዴም ጭራሽ አይመጣም። ስለዚህ ሁሉም መሪጌታ ላቀው ጋር ይደውላሉ።

መሪጌታ ላቀው ቦልደር ሲቲ ልጃቸው ዘንድ የሚኖሩ ሽማግሌ ነበሩ። ቁማር የማይፈቀድባት ከተማ ስለሆነች ይወዷታል። አንድ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ አባቴ ወደ ቤታቸው ሲያደርሳቸው እኔና ሂሩት ከኋላ ተቀምጠን ነበር። ሂሩት ዝም ብላ ቆየችና ጠየቀቻቸው።

"መሪጌታ፣ እርስዎ ካሌንደር ሳያዩ ፋሲካን እንዴት ነው የሚያውቁት?"

"እቆጥረዋለኋ፣ ልጄ።"

"እንዴት አድርገው?"

ወደ ኋላ ዞረው አዩዋት። ቤታቸው ስንደርስ አልወረዱም፤ ሞተሩ ጠፍቶ፣ በሩ ተከፍቶ፣ የበረሃው ነፋስ እየገባ፣ በጣታቸው አንጓ እየቆጠሩ ባሕረ ሐሳብን አስተማሯት። ዓመተ ዓለሙን በአሥራ ዘጠኝ ግደፊው፤ የተካፈለውን ተይው፣ የተረፈውን ያዢ፤ ከተረፈው አንድ ቀንሺ፤ ይህ አበቅቴን ያወጣልሻል፣ ያኛው መጥቅዕን። እኔ እኩሌታውን አልሰማሁም፤ ርቦኝ ነበር። የሂሩት ፊት ግን ትዝ ይለኛል። አባቴ አልጀብራ ሲያስተምራት እንደዚያ ሆኖ አያውቅም። እያንዳንዷን እርምጃ "ለምን?" ትላቸዋለች፤ እሳቸውም ለእያንዳንዷ ምክንያት አላቸው፤ ጨረቃ እንዲህ ስለምትሄድ፣ ፀሐይ እንዲህ ስለምትዘገይ፣ አባቶች በዓሉ ከዚህ ቀን እንዳይወጣ ስለፈለጉ።

ከዚያ በኋላ ለሳምንታት ከኮምፒውተሩ ፊት አልተነሳችም። ከኮምፒውተሩ ጋር የመጣ ቤዚክ ስለሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ አንድ ወፍራም መጽሐፍ ነበር፤ እሱን እያገላበጠች፣ በሁለት ጣት እየጻፈች፣ ሲሳሳት ጥፍሯን እየነከሰች ትቀመጣለች። መስኮቱ ላይ የተገጠመው የውሃ ማቀዝቀዣ እላይዋ ላይ ይንጠባጠባል፤ ልብ አትልም። የመጀመሪያው ፕሮግራም ፋሲካን ረቡዕ ላይ ጣለው። እማዬ ሆዷን ይዛ ሳቀች፤ "የሮብ ፋሲካ! ጾም በጾም ቀን ልታስፈቺን ነው?" አለች። ሂሩት አብራ ሳቀችና ተመልሳ ተቀመጠች። የየቀኑን ተውሳክ፣ መሪጌታ በየዕለቱ ስም ላይ የሚጨመር ያሏትን ቁጥር፣ አንዱን በሌላው ቦታ ጽፋው ኖሯል። ስታስተካክለው ፋሲካ ወደ እሁድ ገባ። እማዬ ሣጥን ውስጥ ካስቀመጠቻቸው ያለፉ ዓመታት ካሌንደሮች ጋር አንድ በአንድ አስተያየነው፤ ሁሉም ልክ ነበር። ፋሲካ ብቻ ሳይሆን ነነዌም፣ ዐቢይ ጾምም፣ ጰራቅሊጦስም፤ ደግሞም ለሱፐርቫይዘር የሚሰጠውን የፈረንጅ ቀን ከጎኑ ይጽፋል።

ወሬው በቤተ ክርስቲያን ተሰማ። ሴቶቹ እየደወሉ "የሂሩትን ኮምፒውተር ጠይቁልኝ" ይላሉ። መሪጌታም ራሳቸው ቤታችን መጥተው፣ መነጽራቸውን አድርገው፣ ኮምፒውተሩ ሊነክሳቸው የሚችል ይመስል ራቅ ብለው ተቀምጠው፣ አንድ በጣም የራቀ ዓመት አሠርተዋት መልሱን በጣታቸው አረጋገጡ። "ይሄንን ፋሲካ እኔ አላየውም" አሉ፤ "ግን ልክ ነው።" ሂሩትን እንደዚያን ቀን ቀጥ ብላ ስትራመድ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየኋትም።

አባቴ ነጭ ሸሚዙን እንደለበሰ ከኋላዋ ቆሞ ሲያይ ነበር። "ጎበዝ" አላት። ቀጥሎ "አልጀብራሽስ?" አለ።

ሂሩት ትምህርት ቤት ውስጥ የኮምፒውተር ትምህርት ክፍል ነበር። ሂሩት መግባት ፈለገች፤ ሁለተኛውን አልጀብራ ያላለፈ አይገባም ተባለች። እሷ ግን ለኮምፒውተር አስተማሪዋ ስለ ፋሲካው ፕሮግራም ነገረቻት። ሴትዮዋ ደግ ሰው ነበረች፤ ወላጅ መጥቶ ከጠየቀ በልዩ ሁኔታ ልትቀበላት እንደምትችል ነግራ ላከቻት። ሂሩት ይህን ስትነግረን እየዘለለች ነበር።

አባቴ ከረባት አስሮ ሄደ። እኔንም ከትምህርት ቤት አውጥቶኝ ስለነበር ከሱና ከሂሩት ጋር አብሬ ገባሁ። አስተማሪዋ ስለ ሂሩት ጥሩ ጥሩውን ተናገረች፤ እርስዎ ከፈቀዱ በዚህ በኩል ልናስገባት እንችላለን አለች። አባቴ ጉሮሮውን ጠረገ። በዚያ ጥንቃቄ በሞላበት፣ እያንዳንዱን ቃል ሰሌዳ ላይ እንደሚጽፍ ሰው በሚናገርበት እንግሊዝኛው፣ "እኔም የሒሳብ መምህር ነኝ" አላት። "ኤክሴፕሽን አያስፈልግም። መሠረቱ ይቅደም።"

ሴትዮዋ ወደ ሂሩት አየች። ከዚያ ተነሥታ የአባቴን እጅ ጨበጠች፤ ከሥራ ባልደረባ ጋር መነጋገር ደስ ይላል አለችው። ወደዚህ አገር ከመጣ ጀምሮ ማንም እንደዚያ ብሎት እንደማያውቅ የገባኝ ትልቅ ሰው ከሆንኩ በኋላ ነው። ወደ ቤት ስንመለስ መንገዱን ሙሉ እያፏጨ ነዳ። ሂሩት ከኋላ፣ ግንባሯን መስታወቱ ላይ አስደግፋ ነበር።

ቤት ስንገባ ጠረጴዛው ጋ ቆመች። አባታችንን ሁለታችንም "አንተ" ነበር የምንለው፤ እማዬ ብዙ ጊዜ ገሥጻን ሰልችቷታል። ሂሩት "እርስዎ" የምትለው ስትቆጣ ብቻ ነው።

"የሠራሁትን ፕሮግራም እርስዎ አይተውታል አይደል?"

"አይቻለሁ።"

"ታዲያ እሱ ምንድን ነው?"

"ማካፈልና መቀነስ ነው፣ ሂሩትዬ። ሒሳብ አይደለም። ሒሳቡን ስትጨርሺ ሁሉም ይደረስበታል።"

አውሮፕላን አለፈ። አባቴ ጣቱን ቀስሮ ጠበቀ። ድምፁ ሲርቅ ሂሩት "እሺ" አለች። አላለቀሰችም፣ በር አልወረወረችም። ከግድግዳው ወዲያ ሰው ተኝቶ ነበር።

ከዚያ በኋላ ኮምፒውተሩን አልነካችውም። ጠረጴዛው ወደ እኔ አልጋ በኩል ተገፋ፤ የትምህርት ቤት ጽሑፌን እጽፍበት ጀመር። ሴቶቹ ስለ ፋሲካ ሲደውሉ ዓመቱን አስገብቼ ቀኑን የማነብላቸው እኔ ሆንኩ። "ተባረኪ የኔ ልጅ" ይሉኛል። "ሂሩት ናት የሠራችው" እላቸዋለሁ፤ "ተባረኪ" ይሉኛል መልሰው።

ሂሩት ሃይ ስኩል ጨርሳ ጥቂት ጊዜ በሆቴል ስጦታ ዕቃ ሱቅ ከሠራች በኋላ፣ ዕድሜዋ ሲደርስ የቁማር ካርታ አዳዮች፣ ዲለሮች፣ የሚሠለጥኑበት ትምህርት ቤት ገባች። እዚያ ሰዓት እየተያዘ ይፈተናሉ፤ ይህን ያህል ቺፕ ያስያዘ ሰው በዚህ ካርታ ሲያሸንፍ ስንት ይከፈለዋል፣ ሳያስቡ መመለስ ነው። ከክፍሉ አንደኛ ወጣች። እማዬ ከቁማሩ እንዲጠብቃት ተሳለች። አንድ ቀን፣ የዘጠናዎቹ መጨረሻ ላይ፣ ዓለም ሁሉ ኮምፒውተሮች ዓመቱ ሲለወጥ ይሳሳታሉ ብሎ ሲሸበርና ፕሮግራም የሚጽፍ ሰው በየቦታው ሲፈለግ፣ አባቴ ጋዜጣ አጥፎ ይዞ መጣ። ምሳ እየበላን ነበር። ማስታወቂያው ዲግሪ አንጠይቅም፣ እናሠለጥናለን ይላል። ሳህኗ አጠገብ አስቀመጠላት። "ይሄ ላንቺ የሚሆን መሰለኝ" አላት፤ ድምፁ ውስጥ ሰምቼው የማላውቀው ነገር ነበር። ሂሩት አነበበችው፤ እስከ መጨረሻው ድረስ። አጥፋ መለሰችለትና "ሺፍት አለኝ፣ አባዬ" ብላ ጥቁር ጃኬቷን አንስታ ወጣች። አባቴ ጋዜጣውን እጁ ላይ ይዞ ምሳውን ሳይጨርስ ቆየ።

እኔ በሩን በሒሳብ አልፌ ገባሁ። ካልኩለሱን ሁሉ፣ ምንም ሳልጠይቅ፣ በጥሩ ውጤት አለፍኩ፤ በኮምፒውተር ሳይንስ ተመረቅኩ፤ እስካሁን የምኖረው ፕሮግራም እየጻፍኩ ነው። ሒሳብ አያስፈልግም አልልም። የካዚኖ ማሽን በሚሠራ ድርጅት ውስጥ ያለ ወዳጄ ቀኑን ሙሉ የሚያስበው የዕድል ስሌት ብቻ ነው፤ ሥዕል የሚያንቀሳቅሱ ልጆች ያለ ማዕዘን ስሌት አይንቀሳቀሱም፤ ነርስ የሆነችው የአክስቴ ልጅ መድኃኒት ስትመጥን ብትሳሳት ሰው ይሞታል። የኔ ሥራ ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ሌላ ሰው ምን እንደፈለገ ማድመጥ፣ ትልቁን ነገር ወደ ትናንሽ ነገር መሰባበር፣ ሲሳሳት ለምን እንደተሳሳተ እስኪገባኝ አለመነሣት ነው። ያን አለመነሣት ከአባቴ ጠረጴዛ ያገኘሁት ይመስለኛል። "ለምን" ማለትን ግን እዚያ አልተማርኩትም፤ ዘግይቼ፣ ሥራ ላይ፣ በግድ ነው የተማርኩት። የካልኩለሱን አንዱንም ለሥራ ተጠቅሜበት አላውቅም። ማካፈል፣ መቀነስ፣ የሚተርፈውን መያዝ፤ ይህን በየቀኑ እጽፋለሁ።

አባቴ አርፏል። መሪጌታም አርፈዋል። ኮምፒውተሩን እማዬ ቤት ስትቀይር ጣለችው፤ ያኔ ሁላችንም የራሳችን ስለነበረን ማንም አልጠየቀም።

ያን የሐምሌ ቀን፣ የማቀዝቀዣው ሽታ ይሁን ምን፣ ሂሩት ጋር ደወልኩ። አሁን የዲለሮች ሱፐርቫይዘር ናት፤ ብሬክ ላይ አገኘኋት። ብዙ አናወራም፤ ስናወራም ስለ እማዬ ጉልበት ነው። የፋሲካውን ፕሮግራም ታስታውሺዋለሽ ወይ አልኳት።

"እንዴ፣ እንዴት ይረሳል!" አለች። "ሴቶቹ ሲደውሉ! ጎበዝ ነበርሽ እኮ፣ ሶሲዬ። በዚያ ዕድሜሽ!"

"እኔ አይደለሁም" አልኳት። "አንቺ ነሽ የሠራሽው።"

"አንቺ ነሽ እንጂ። ካንቺ አልጋ አጠገብ አልነበረም እንዴ?"

"ሂሩት፣ መሪጌታ ላቀው መኪና ውስጥ ያስተማሩት አንቺን ነው። መጀመሪያ ረቡዕ ላይ ጥሎት ነበር፣ አስታወስሽ?"

"የሮብ ፋሲካ!" ብላ ሳቀች፤ ከልቧ ነው የሳቀችው። "እማዬ እንዴት ስቃብሽ ነበር! አይ፣ እኔና ሒሳብ የት እንተዋወቃለን? ኮምፒውተሩን ነክቼው የማውቅም አይመስለኝ።" ከኋላዋ የካዚኖው ድምፅ ይሰማል። "ልሂድ፣ ብሬኬ አለቀ። እማዬን ሰላም በዪልኝ።"

ቅዳሜ እማዬን ጠየቅኳት። "አንቺ ነሻ፣ የኔ ልጅ" አለችኝ፤ ጉልበቷን እያሸች። "ሂሩት መች ትወድ ነበር እንዲህ ያለውን?"

ልከራከራት አሰብኩና ተውኩት። አባቴ በሕይወት ቢኖር ያስታውስ እንደሆነ አላውቅም፤ ያ ለሂሩት ያመጣላት ጋዜጣ ግን ያስታውስ እንደነበር ይነግረኛል። የአፓርታማው መጥፋት፣ የሰዎቹ መሞት፣ የኮምፒውተሩ መጣል የሚጠበቅ ነው፤ ጊዜ የሚወስደው ነገር አለ። ያቺ ጥፍሯን እየነከሰች ከማሽኑ ፊት የምትቀመጥ፣ ላልታወቀ ቁጥር ለምን ስም ወጣ ብላ የቆመች ልጅ ግን ከሂሩት ውስጥ ሳይቀር ወጥታ ሄዳለች፤ የሠራችውም በኔ ስም ተመዝግቦ ቀርቷል። አሁን የማስታውሳት እኔ ብቻ ነኝ፤ እኔም ያኔ ርቦኝ ስለነበር እኩሌታውን አልሰማሁም።

ሰኞ ጠዋት ሥራ ገባሁ። ስብሰባ ነበረን። አዲስ ለመቅጠር ከቀረቡት መካከል ኮሌጅ ያልጨረሰች አንዲት ልጅ አለች፤ አለቃዬ "ሒሳቧ እንዴት ነው?" ብሎ ጠየቀኝ። ሁሉም መልሴን እየጠበቁ ነበር። ምን እንደሠራች እንጠይቃት አልኩት፤ እሷ ራሷ ሳትረሳው።